አምስት ፊደላት ለቀይ ብዕር

በጋዜጣችን የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከአየር ትንበያው በታችና ከሐዘን ማስታወቂያዎቹ በላይ፣ መዳፍ የምታህል ሳጥን አለች። ሳጥኗ የእኔ ናት። በየሳምንቱ ጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደላት እሰጣለሁ፤ አንባቢው እነዚያን ፊደላት በሙሉ የያዘ፣ የቻለውን ያህል ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጎ፣ በእጁ ጽፎ እስከ ረቡዕ በፖስታ ይልክልኛል። ከሁሉ የረዘመውን ቃል ያመጣ ሰው ሙሉ ስሙ ቅዳሜ በደማቁ ይታተምለታል። ሌላ ሽልማት የለም። ለዚህች ስም ሲሉ ሰዎች የሚሆኑትን ባወራ ቀጣፊ ትሉኛላችሁ። አንድ የጥርስ ሐኪም በሽተኛውን አፉን አስከፍቶ ትቶ መዝገበ ቃላት ሊያይ ወደ ጓዳ እንደገባ ራሱ ጽፎልኛል።

ሳጥኗን ከእኔ በፊት ይዘው የነበሩት ሽማግሌ ያወጡት አንድ ሕግ አለ። እስከ ዛሬ ከሥሯ በደቃቁ ይታተማል፦ «ትክክለኛ መልስ እስኪገኝ ድረስ ፊደላቱ አይለወጡም።» በእኔ ዘመን ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ጥያቄ አልነበረም። ስለዚህ ሕጉን ከቁብ ቆጥሮት የሚያውቅ ሰው የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ረቡዕ፣ ከግድግዳው ወዲያ ማተሚያው እየጮኸ፣ ፖስታዎቹን ስቀድ በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት እጄ ገባ። ስሙን ሳላነብ የእጅ ጽሑፉን ዐወቅኩት። ደሜ ፈላ።

ቀይ ብዕር ነበር የምንለው። የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህሬ ነው። አንቱ ልለው ብሞክርም አፌ እምቢ ይለኛል፤ ታገሡኝ። በየዓርቡ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ሦስት ፊደላት ይጽፋል፤ እነዚያን የያዘ ረጅም ቃል ያመጣ ተማሪ ስሙ በሰሌዳው ጥግ ተጽፎ ሳምንቱን ሙሉ ይቆያል። ያንን ጥግ እንዴት እመኘው እንደነበር! እናቴ የጠበቃ ቢሮ ታጸዳ ነበር። የተጣሉ ወረቀቶችን ለዕቃ መጠቅለያ ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ደግሞ ዕቃው ሲወጣ ወረቀቱን አነባለሁ። ግማሹ አይገባኝም፤ ቢሆንም አነባለሁ።

አንድ ዓርብ ኪው፣ ቪ እና ዋይ ጻፈ። ወረቀቴ ላይ ጽፌ እጄን አወጣሁ። «አንኢክዊቮከሊ» አልኩ። አሥራ ሦስት ፊደል። ትርጉሙ «ያለ አንዳች ጥርጥር» ማለት ነው።  ቀይ ብዕር በወንበሮቹ መሐል ቀስ ብሎ መጣና «ከማን ገለበጥከው?» አለኝ። ከማንም አልኩት። ወረቀቴን ቀደደው። ሰሌዳው ሥር አንበረከከኝና «ገልብጫለሁ እስክትል አትነሣም» አለ። ደወሉ ተደወለ፣ ልጆቹ እየሳቁ ወጡ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ሰቀለች። እሱ ተቀምጦ የሌላ ክፍል ደብተር ያርማል። ጉልበቴ ሲዝል ገልብጫለሁ አልኩ። «ጎበዝ፤ አሁን ሂድ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቱን እስክለቅ ድረስ ስሜ ግልባጭ ሆነ። ያኔ የቋጠርኩት ቂም ሠላሳ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲያረጅ አላየሁትም።

እንግዲህ ያን ረቡዕ ፊደላቱ ኤክስ፣ ኤል እና ዋይ ነበሩ። ቀይ ብዕር «ኤክስትራኦርዲነሪሊ» ብሎ ልኳል፤ አሥራ አምስት ፊደል። ወደሱ የተጠጋ አልነበረም። ወረቀቱን አጣጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩና «ፍሌክሲቢሊቲ» ብላ የላከችውን ፀጉር ሠሪ አሸናፊ አደረግኋት። የሷ አሥራ አንድ ፊደል ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት በትሕትና ጻፈልኝ፦ «ክቡር አዘጋጅ፣ ምናልባት ቆጠራው ላይ ስህተት ይኖር እንደሆነ...» ፖስታዎ ዘግይቶ ደርሷል ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ በሴት ልጁ እጅ መላክ ጀመረ። በቀይ ቀለም የተጻፈ አንቀበልም አልኩት። ወደ ሰማያዊ ዞረ። ጽሑፍዎ አይነበብም አልኩት። እያንዳንዷን ፊደል እየነጣጠለ እንደ ጀማሪ ተማሪ ይጽፍ ጀመር። እምነቱ በሕግ ነው፤ እኔ ሕግ ባወጣሁ ቁጥር እሱ ያከብራል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ቃላት ላከ። ሰባ ያህል ጊዜ በትክክል አሸንፎ ነበር። ስሙን አንድም ቀን አላተምኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ልሸሽግ አልፈልግም።

ዘንድሮ አንድ ማክሰኞ ከቃሉ ሥር ሁለት መስመር ጨምሮ አገኘሁ። «ዓይኔ እየደከመ ነው። አርባ ዓመት የሰው ስም ስጠራ ኖርኩ፤ የራሴን ሳልታወር አንድ ጊዜ ታትሞ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ብዕሬን አንሥቼ ለቅዳሜው ሳጥን አምስት ፊደላት ጻፍኩ፦ ጄ፣ ኪው፣ ኤክስ፣ ዜድ፣ ደብሊው። እነዚህን አምስቱን በአንድነት የያዘ ቃል በየትኛውም መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። ሥራዬ ነውና ዐውቃለሁ።

ዋና አዘጋጁ ሲያልፍ አየና «ይሄ አይከብድም?» አለኝ።

«ጎበዝ አንባቢ አለን» አልኩት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ፖስታ መጣ፤ አብዛኛው ስድብ ነው። ፀጉር ሠሪዋ «ጤና ይስጥልኝ፣ የደንበኞቼ ፀጉር ይበቃኛል፤ የራሴን መንጨት አልፈልግም» ብላ ተሰናበተችኝ። በአራተኛው ሳምንት የሚጽፍልኝ ቀይ ብዕር ብቻ ሆነ። መልስ አይልክም፤ የደረሰበትን ነው የሚያሳውቀኝ። «ክቡር አዘጋጅ፣ መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ገጽ ይዤ ኤፍ ላይ ደርሻለሁ።» በሚቀጥለው፦ «ኤች ላይ ደርሻለሁ። ደብዳቤዬ ቢጣመም ይቅርታ።» ሕጉ ሕግ ነውና ፊደላቱን አልለወጥኩም።

በአምስተኛው ሳምንት ልጁ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ መለኪያዋን አንገቷ ላይ እንደጣለች፣ ኮሌታዋ ላይ ሦስት መርፌ እንደተሰካ ነው ከሥራዋ የወጣችው። በሩን ከኋላዋ ገፋ አደረገችው።

«ጋሼ፣ አባቴ አይደለም የላከኝ። ተደብቄ ነው የመጣሁት።»

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም፣ ደንበኛ ትቼ ነው። ዓይኑ ውስጥ ግፊት አለ። ሐኪሙ አልጋ ይዞለታል፤ ቶሎ ካልተቀደደ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም ብሎናል። እሱ ግን እምቢ አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሁለት ወር አታነብም ስላሉት፣ መጀመሪያ ቃሉን ላግኝ ይላል። ብለምነው፣ ባለቅስ አልሰማ አለኝ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቃሉን ብቻ ይንገሩኝ። ሳነብለት ድንገት ያየሁት አስመስዬ እጠራለታለሁ። ራሱ ያገኘው ይመስለዋል።»

«የለም» ብላት ያልቅ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበርም። ግን ፊቷ የሱን ፊት ይመስላል፤ ግንባሯ ሲቋጠር ልክ እሱ ደብተር ሲያርም ነው።

«የውድድር መልስ አይነገርም፣ እህቴ።»

«እሺ የት አካባቢ እንደሆነ?»

«ወደ መጨረሻው ነው» አልኳት። «ከኤስ በኋላ ይበርታ።»

ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችኝ። «ዘልሎ ከኤስ ቢጀምር ጥሩ ነበር፤ አባቴ ግን መዝለል አይወድም» አለችና ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ያኔ መለኪያውም መርፌውም የለም፤ ሱቋን ዘግታ ቀኑን ሙሉ እንደምታነብለት ነገረችኝ። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል። ቀኙ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኗል። ሐኪሙ ሰኞን የመጨረሻ ቀን አድርጎ ሰጥቷቸዋል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ የደከማት ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ልቤ ራራ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ፈራሁ። ስሙን ላለማተም መሳቢያ መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ዓይን ሌላ ነው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ መሆኔን ሲያውቅ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤታቸው ሄድኩ። በብረት ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ነው። መጋረጃው ከልብስ ቁርጥራጭ የተሰፋ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ መብራት በርቷል። ቀይ ብዕር ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አጉሊ መነጽሩ እንዳይጠፋበት በክር ወንበሩ ላይ ታስሯል። መዝገበ ቃላቱ ጀርባው ተቀዶ ለሁለት ተከፍሏል፤ ያለቀው ግማሽ መሬት ላይ፣ የቀረው ልጁ ጉልበት ላይ ነው። አጠገቡ የዓይን ጠብታና ያልተነካ ሻይ አለ። አጥንቱ ቀርቷል። የእርምጃ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ወደ በሩ አዞረ።

«የጋዜጣው አዘጋጅ ናቸው» አለችው ልጁ።

ሊነሣ ሞከረ። «ክቡር አዘጋጅ! ወንበር ስጪያቸው እንጂ ልጄ!» ከዚያ ፊቱ ድንገት ጠቆረ። «ሌላ ሰው አገኘው እንዴ?»

«ማንም አላገኘውም።»

«እሰይ» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። «እሰይ። እኛ ቲ ላይ ነን፤ ትንሽ ነው የቀረን።»

ቆሜ ነው የተናገርኩት። «ቃሉ የለም። መጀመሪያም አልነበረም። እንደሌለ እያወቅኩ ነው የሰጠሁት። ዛሬ ነገ ሳይሉ ሆስፒታል ይግቡ።»

ልጁ የያዘችው ገጽ እጇ ላይ ቀረ። ቀይ ብዕር ግን ፈገግ አለ። «አዘጋጅ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም።»

«እኔ አድርጌያለሁ። ተማሪዎ ነበርኩ፤ ሰባተኛ ክፍል።» ወረቀቱን፣ ሰሌዳውን፣ ጉልበቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።  እሱ ግራ ተጋብቶ አንገቱን ያዞራል።

«ስንቱን አንበርክኬያለሁ እኮ፣ ጌታዬ። የትኛው ይሆኑ?»

አላስታወሰኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ ሳሳድገው፣ እሱ ዘንድ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። «ግልባጭ» አልኩት። «ግልባጭ ትሉኝ ነበር። እናቴ የጠበቃ ቢሮ የምታጸዳው።»

«አሃ!» አለ፤ ጭኑን መታ። «የጽዳቷ ልጅ! አንተ ነህ እንዴ?» እርስዎ ማለቱ በዚያው ቀረ። «አዎ፣ አዎ። ገልብጠህ ነበር።»

«አልገለበጥኩም ቲቸር። ከጠበቃው ወረቀት ላይ ነው ያነበብኩት።»

«ራስህ አመንክ እኮ።»

«አንበርክከውኝ ነዋ!»

«አሥራ ሦስት ፊደል፣ በዚያ ዕድሜ፣ አንተ?» ራሱን ነቀነቀና ወደ ልጁ ዞረ። «አየሽ ልጄ? ይህ ልጅ ድሮም እንግሊዝኛ አይሆንለትም። ቃሉን ራሱ አያውቀውም፤ ስላላወቀው የለም ይላል። ወይስ አንቺ ነሽ ያመጣሽው? ተስፋ አስቆርጠሽ ሰኞ ልታስተኚኝ?»

«አባዬ፣ በእናቴ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ነው የሚነግርህ!»

«ቢሮው ሄደሽ ነበር?»

መዋሸት አትችልበትም። «ሄጄ ነበር» አለች።

«አላልኩሽም?» አለ። ድምፁ የክፍል ድምፅ ሆነ። «ቀጥይ። ቲ ላይ።»

ወሽመጤ ተበጠሰ። «ስምዎን በሚቀጥለው ቅዳሜ አትማለሁ። በትልቁ አትማለሁ። ብቻ ይግቡልኝ» አልኩት።

«ያለ መልስ? እንዳንተ ልሁን?» አለኝ። ፊቱንም ወደ መዝገበ ቃላቱ መለሰ።

ልጁ እስከ ደረጃው ተከተለችኝ። እዚያ ስንደርስ እሷም አንተ አለችኝ። «የዚያን ዕለት የለም ብትለኝ፣ ራሴ መዝገበ ቃላቱን እስከ መጨረሻው አይቼ እንዳጣሁት አድርጌ እነግረው ነበር። ያምነኝ ነበር። አንተ ከኤስ በኋላ ይበርታ አልከኝ። እኔም አፌን ሞልቼ ነገርኩት፤ አለ አልኩት።» ተመልሳ ገባችና በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው።

ሰኞ ሆስፒታል አልገባም። ሐሙስ ዜድን ጨረሱ። የመጨረሻውን ገጽ አንብባ ስትዘጋው «የለም ማለት ነው» አለ። ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ በትንሽ መብራት ቀኝ ዓይኑን አየና መብራቱን አጠፋው። ይህን የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ በስልክ ነው፤ ለዋና አዘጋጁ ልትከስሰኝ ደውላ ስልኩን እኔ ስላነሣሁ። ክሱንም ተወችው። «ከዚያ ወዲህ ማንንም አያምንም» አለችኝ። «ሻይ ስሰጠው ስኳር ማድረጌን ሦስቴ ይጠይቀኛል። መሽቷል ስለው የመስኮቱን መስታወት ዳብሶ ብርዱን ይለካል።»

ሕጉን አፈረስኩ። «ባለፈው የወጡት ፊደላት የማተሚያ ስህተት ነበሩ» ብዬ አወጣሁ፤ ያኔም ዋሽቼ ማለት ነው። አዲስ ፊደላት ሰጠሁ፤ ኤም፣ ኤች፣ ቢ፣ ዋይ። ለልጁ ደውዬ «ከጭንቅላቱ ይሞክር፣ አንቺ ጻፊለት» አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ረቡዕ ግን ፖስታው መጣ። በሷ እጅ «ኢንኮምፕሪሄንሲቢሊቲ» የሚል ተጽፎበታል፤ አሥራ ዘጠኝ ፊደል። ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ዓይን፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያመጣው ነው። ከዚያ የረዘመ የላከ አልነበረም። እንደ መጀመሪያው ቃሉ ትክክለኛ ድል ነው።

ሙሉ ስሙን፣ ከነመምህርነቱ፣ በሳጥኗ አናት ላይ ካለን ደማቅ ፊደል ሁሉ በሚበልጠው አሳተምኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቀለሙ ሳይደርቅ ራሴ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ሰላም ሳትለኝ አስገባችኝ። በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አጉሊ መነጽሩ ግን ከክሩ ተፈቷል።

«አባዬ፣ ጋዜጣው መጣ። አሸንፈሃል።»

«አንብቢው።»

አነበበችው። 

«ድገሚው።»

ደገመችው። እጁን ዘረጋ። ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ አነጠፈችና አመልካች ጣቱን ይዛ ስሙ ላይ አሳረፈችለት። ጣቱን በስሙ ላይ ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ አመላለሰው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ደጋግሞ። ወረቀቱ ለስላሳ ነው። ጣቱ ጠቆረ፤ እሱ ያንን አያይም። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ።

«እዚህ ምንም የለም» አለ።

«አለ እኮ አባዬ! በደማቁ ነው፣ ከሁሉም በላይ ነው! እሱም ቆሟል፣ ጠይቀው!»

«ቲቸር፣ ታትሟል» አልኩ። «እምልልዎታለሁ፣ ታትሟል።»

ወደኔ አልዞረም። «ቃሉም አለ ብለሽኝ ነበር፤ ከኤስ በኋላ ነው ብለሽኝ ነበር» አላት፤ በቁጣ አይደለም፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነው። ጋዜጣውን በጥንቃቄ አራት ቦታ አጠፈና መልሶ ሰጣት። «በቃ ልጄ፣ አትድከሚ። ባዶ ወረቀት ይዛችሁ አትምጡብኝ።»